ከሰንሻይን እስከ ኒል፦ በዊመራ የስንዴ አገር አራት ቀን

አጎቴ ከአድአ ወደ ሜልበርን የመጡት የልጃቸውን ልጅ ክርስትና ለማየት ነበር። ክርስትናው አልፎ ሁለት ሳምንት ከፎቅ ቤት ሲውሉ፣ አንድ ማታ ቡና ላይ ጠሩኝና «ልጄ፣ ሕንጻውን አየሁት፣ ባሕሩንም አየሁት፤ የዚህ አገር ገበሬ ግን የት ነው ያለው? እሱን ሳላይ ብመለስ ጎረቤቶቼ ምን አየህ ሲሉኝ ምን እላለሁ?» አሉኝ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ በደቡባዊ አውስትራሊያ ደግሞ ኅዳር የአጨዳ ወር ነው። የአራት ቀን ፈቃድ ጠየቅኩና በምዕራብ ቪክቶሪያ ወደሚገኘው ዊመራ ወደሚባለው ሜዳ ይዣቸው ሄድኩ። ከዚህ በታች የምጽፈው በየማታው በማስታወሻዬ ያሰፈርኩትን ነው፤ ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን

ጉዞውን የጀመርነው ከምኖርበት ከሰንሻይን ነው። በዚህ የሜልበርን ምዕራባዊ ሰፈር ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ሂው ቪክተር ማኬይ የተባለ የገበሬ ልጅ በ1884 የስንዴውን ዛላ እየሸመጠጠ፣ እየወቃና እያበጠረ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ በፈረስ የሚጎተት ማሽን ሠራ፤ «ሰንሻይን» ብሎም ሰየመው። ፋብሪካውን በ1906 ከባላራት ወደዚህ ሲያዛውር ሰፈሩ በማሽኑ ስም ተጠራ። በ1907 ደግሞ በዚሁ ፋብሪካ ሠራተኞች ጉዳይ ዳኛ ሂጊንስ በሰጡት ፍርድ፣ አንድ ሙያ የሌለው ሠራተኛ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አስተዳድሮ እንደ ሰው ሊኖርበት የሚገባው ደመወዝ በቀን ሰባት ሺሊንግ እንዲሆን ተወሰነ። የአውስትራሊያ ዝቅተኛ ደመወዝ መነሻው ይህ ፍርድ ነው፤ እኔም በመጋዘን ሥራ በኖርኩባቸው ዓመታት የተከፈለኝ ደመወዝ ሥሩ እዚያ ድረስ እንደሚሄድ ሳስብ፣ የስንዴ ማጨጃ ማሽንና የእኔ ሕይወት ያን ያህል የተራራቁ እንዳልሆኑ ይገባኛል።

ባላራትን፣ ከዚያም አራራትን አለፍን። አጎቴ የከተማዋን ስም ስነግራቸው ቀና ብለው «የኖኅ መርከብ ያረፈችበት?» አሉ። ስሙ በእርግጥ ከዚያ የተወሰደ ነው፤ በ1841 ከብቶቹን እየነዳ ወደ ምዕራብ ይጓዝ የነበረ ሆሬሺዮ ዊልስ የተባለ ከብት አርቢ ከተራራው አጠገብ ስላረፈ፣ እንደ መርከቧ እኛም እዚህ አረፍን በማለት ሰየመው። ከተማዋ የተቆረቆረችው ግን በ1857 ወደ ወርቅ ማውጫዎቹ በእግር ይጓዙ የነበሩ ቻይናውያን በሥፍራው ወርቅ ባገኙ ጊዜ ነው።

ከአራራት በኋላ ጋሪወርድ የተባለው የተራራ ሰንሰለት በግራችን ቀርቶ ምድሩ ተዘረጋ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እስከ አድማስ የደረሰ ስንዴ፣ ገብስና ጎመን ዘር ነው። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው በመስኮት ሲያዩ ቆዩና «እህሉስ እህል ነው፤ ሰዉ የት ሄደ?» አሉኝ። በአንድ ሰዓት መንገድ ውስጥ በማሳ ላይ የቆመ አንድ ሰው እንኳ አላየንም ነበር። ይህ ጥያቄ እስከ ጉዞው ፍጻሜ አልተለየንም።

ከሜልበርን 300 ኪሎ ሜትር ርቃ ከምትገኘው ከሆርሻም ደርሰን አደርን። በዚህች ከተማ በ2014 የተከፈተ የአውስትራሊያ የእህል ዘር ባንክ አለ፤ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ ዘር ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይቀመጥበታል። ለአጎቴ በእራት ላይ ይህን ስነግራቸው፣ የኢትዮጵያ ገበሬዎች ለዘመናት መርጠው ያቆዩት ገብስ ቅጠሉን ቢጫ አድርጎ ተክሉን የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ዘረ መል እንደተገኘበት፣ የአውስትራሊያ የገብስ አዳቃዮችም እንደተጠቀሙበት ጨምሬ ነገርኳቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው «እንግዲህ ገብሳችን ቀድሞን መጥቷል» አሉ፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ኩራት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

ሁለተኛው ቀን

ጠዋት በሥራ ያወቅኩት ሰው ወደ አንድ ዘመዱ እርሻ ወሰደን። ገበሬው ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። አጎቴ ሰላምታ እንደተለዋወጡ ወደ ማሳው ገብተው ቁጢጥ አሉና አፈር አነሡ። አንዱን ጓል በሁለት ጣታቸው ጫን ሲሉት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ተበተነ። ስንጥቁን ተመለከቱ፤ እጃቸው እስከ አንጓው ገባ። «ይኼ እኮ ኮቲቻ ነው! ቀለሙ ግራጫ ሆነ እንጂ የእኛው ኮቲቻ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እግር ይይዛል» አሉ። ስተረጉምላቸው ገበሬው ፈገግ ብለው እርሳቸውም አፈር አነሡ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ የእኔን አፍ ብዙም ሳይፈልጉ መግባባት ጀመሩ።

ሁለተኛው መገረም ሰብሉ ነበር። በዚያ ማሳ ላይ የደረሰው ምስር ነው፤ ከአጥሩ ማዶ ባቄላ፣ ከዚያ ወዲያ ገብስ አለ። የዊመራ ገበሬ ምስርን በብዛት ማምረት የጀመረው በ1990ዎቹ ነው፤ ዛሬ ግን በቀይ ምስር ከሚታወቁት የአውስትራሊያ አካባቢዎች አንዱ ይኸው ሜዳ ነው። ሽምብራም ይዘሩ ነበር፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ቅጠሉንና ግንዱን የሚያደርቅ የሻጋታ በሽታ ገብቶ አብዛኛውን ፈጀባቸው፤ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ሲገኝ ነው የተመለሱት። አጎቴ ምስርና ሽምብራን ከስንዴ ጋር የሚያፈራርቁት መሬቱ «እንዲያርፍ» ነው፤ እኚህም ሰው የሚያደርጉት ለዚሁ ነው፤ በጥራጥሬው ሥር ያሉት ተህዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ስለሚያከማቹ ለሚቀጥለው ስንዴ ማዳበሪያ ይተርፋል።

ያልተስማሙበት አንድ ነገር እርሻው ነበር። ገበሬው መሬታቸውን አያርሱም፤ ያለፈውን ዓመት ገለባ ከነቆመበት ትተው፣ በትራክተር የሚጎተተው መዝሪያ በጠባብ ፈር ዘሩንና ማዳበሪያውን አብሮ ይከታል። በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ለሚዘንብበት አገር በመሬት ውስጥ የቀረች እርጥበት ገንዘብ ናት፤ ማረሻ ደግሞ እርጥበትን ያወጣል። የአድአ መሬት የዚህን እጥፍ ያህል ዝናብ ያገኛል፤ ለጤፍ አራት አምስት ጊዜ የሚያርሱት አጎቴ ግን «ሳይታረስ?» እያሉ ደጋግመው ጠየቁ፤ በመጨረሻ «ለእነርሱ ይሁን፤ አረሙን ግን በመድኃኒት ብቻ እስከ መቼ ይችሉታል?» አሉኝ። ይህን ስተረጉም ገበሬው ሳቅ አላሉም። መድኃኒቱን የለመዱ አረሞች እየበዙ መሆናቸውን፣ ይህም ከድርቅ ቀጥሎ የሚያሳስባቸው ነገር መሆኑን ነገሩን።

ሰዉ የት እንደሄደም የነገሩን እርሳቸው ናቸው። በ1869 የወጣው የቪክቶሪያ የመሬት ሕግ ለአንድ አመልካች እስከ 320 ኤከር ይፈቅድ ነበር፤ ይህ 130 ሄክታር፣ በእኛ ልማድ ከሦስት ጋሻ ትንሽ የሚበልጥ ነው። ሰፋሪው መሬቱን ሊያጥር፣ ከአሥር አንዱን እጅ ሊያለማ፣ በላዩም ሊኖርበት ይገደድ ነበር። ስለዚህ በየ130 ሄክታሩ አንድ ጎጆ ቆመ፤ ከደቡብ አውስትራሊያ በሠረገላ የመጡ ብዙ የጀርመን ሉተራውያንም በዚያን ጊዜ ነው የሰፈሩት። ጎጆ ሲበዛ ትምህርት ቤት፣ አዳራሽ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የባቡር ማቆሚያ ተከተለ። ከዚያ ፈረሱን ትራክተር ተካው፤ ማሽኑ ሲተልቅ ዋጋውን ለመቻል መሬቱ መትለቅ ነበረበት፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሸጠ። ዛሬ እኚህ ሰው ከልጃቸው ጋር የሚያለሙት መሬት በአያታቸው ዘመን የብዙ ቤተሰብ ይዞታ ነበር። ይህን ሲነግሩን በኩራት አልነበረም፤ በጣታቸው «እዚያ አንድ ቤት፣ እዚያ አንድ ቤት፣ ከዛፎቹ ጋ ደግሞ ሁለት» እያሉ ባዶውን ሜዳ ቆጠሩልን።

ከሰዓት በኋላ ሙርቶዋ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደን በሕይወቴ ካየኋቸው ጎተራዎች ሁሉ ትልቁን አየን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከብ ጠፍቶ ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ስላልተቻለ፣ ምርቱ በየባቡር ጣቢያው ተከመረ። ብረት ለጦርነቱ ስለሚፈለግ ጎተራው ከእንጨት እንዲሠራ ተወሰነ፤ በ1941 መጨረሻ ተጀምሮ በአራት ወር ገደማ ውስጥ ቆመ። ርዝመቱ 270 ሜትር፣ ወርዱ 60 ሜትር ያህል ነው፤ ጣሪያውን የተሸከሙት 560 ያልተጠረቡ የባሕር ዛፍ ግንዶች ናቸው። ከ90,000 ቶን በላይ ስንዴ ይይዝ ነበር። ወደ ውስጥ ስንገባ ብርሃኑ ከላይ በቀጭኑ እየወረደ ግንዶቹ በሁለት ወገን ተሰልፈው እስከማይታይ ድረስ ሲሄዱ፣ አጎቴ ሳያውቁት ባርኔጣቸውን አወለቁ። የአካባቢው ሰዎችም እንደ ካቴድራል የሚያዩት በከንቱ አይደለም። አጎቴ አንዱን ግንድ መታ መታ አድርገው አዳመጡና «ምስጥ አልነካውም» አሉ። ይህ ቤት ሊፈርስ ጥቂት ቀርቶት የነበረ ሲሆን፣ ለማትረፍ የታገሉት የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው፤ በ2014 በአገሪቱ የብሔራዊ ቅርስ መዝገብ ሰፈረ።

ሦስተኛው ቀን

ከሆርሻም ወደ ሰሜን ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ዲምቡላ ደረስን፤ በዊመራ ወንዝ ዳር ያለች ጸጥ ያለች ከተማ ናት። በወንዙ ዳርና ዳር የቆሙት ግዙፍ ዛፎች አጎቴ በአገራቸው «ቀይ ባሕር ዛፍ» የሚሉት ዘር ናቸው። ከሚኒልክ ዘመን ጀምሮ ወደ እኛ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ አገሩ ይህ መሆኑን ያውቃሉ፤ በትውልድ ቦታው ግን እንዲህ ያረጀ፣ የተጠማዘዘና ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው መሆኑን አላሰቡም ነበር። «እኛ ሳያድግ እየቆረጥነው ነዋ» አሉ።

ከአንዳንዶቹ ግንዶች ላይ ሰፊ ጠባሳ ይታያል፤ የአገሬው ተወላጅ የሆኑት የወጆባሉክ ሰዎች ለታንኳና ለዕቃ መያዣ ልጡን የላጡበት ምልክት ነው። የዚህ ሜዳ ታሪክ ከሰፋሪዎቹ የሚጀምር ይመስል በ1869 መጀመሬ ልክ እንዳልነበር የተሰማኝ እዚህ ነው። ሜጀር ሚቸል የተባለው ቀያሽ በ1836 ሲያልፍ አገሩ ባለቤት ነበረው፤ በ1840ዎቹ በጎች ሲገቡ ያ ባለቤት ውኃውንና አደኑን አጣ፤ በሽታና ግድያም ተከተለ። ከዲምቡላ በስተሰሜን አንትወርፕ በምትባል መንደር አጠገብ ሞራቪያውያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ያቋቋሙት፣ ኤቤኔዘር የተባለው ሚሲዮን ፍርስራሽ አለ። በ1859 ተመሠረተ፤ በነጭ ድንጋይ የተሠራችው ቤተ ክርስቲያን አሁንም ቆማለች። ሚሲዮኑ ለተረፉት ሰዎች መጠጊያም መታጠሪያም ነበር። በ1886 የወጣ ሕግ ግን ቅልቅል ደም አላቸው የተባሉትን ወጣቶችና ጎልማሶች ከየሚሲዮኑ እንዲወጡ አስገደደ፤ ወንድም ከእኅት ተለየ፤ ሰው እየሳሳ ሄዶ በ1904 ተዘጋ። መሬቱም ለእርሻ ተሰጠ።

ይህን ሕዝብ ግን በሐዘን ብቻ መተረክ አይገባም። በ1864 ከዚህ ደቡብ ባለው ጫካ ሦስት የሰፋሪ ልጆች ጠፍተው አገር ሙሉ ፈልጎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ በዘጠነኛው ቀን በሕይወት ያገኟቸው ሦስት የአገሬው ተወላጅ ዱካ ፈላጊዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ነጮቹ ዲክ ኤ ዲክ የሚሉት ሰው ነበር፤ እርሱው በ1868 ወደ እንግሊዝ ከሄደው፣ ከአውስትራሊያ ወጥቶ ውጭ አገር ከተጫወተው የመጀመሪያ የክሪኬት ቡድን ጋር ተጉዟል። የቡድኑ ተጫዋቾች የአገሬው ተወላጆች ነበሩ፤ 47 ግጥሚያ አድርገው 14 አሸነፉ፣ 14 ተሸነፉ፣ በቀሩት አቻ ወጡ። በታኅሣሥ 13 ቀን 2005 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ለወጆባሉክና ለአጎራባች ወገኖቻቸው በዊመራ ወንዝ ዳር ባለው መሬት ላይ የቀድሞ ባለመብትነታቸውን አጸና፤ በቪክቶሪያ እንዲህ ያለ ዕውቅና ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። የተመለሰላቸው ከጠፋው ጥቂቱ ብቻ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም።

በዚህ መንገድ ላይ ደጋግሞ የገጠመን ሌላ ነገር አለ። ማንም በሌለበት የመንገድ ጠርዝ ላይ፣ በአጥር ጥግ፣ ትንሽ ሰሌዳ ቆማ «በዚህ ሥፍራ ትምህርት ቤት ነበር» ትላለች፤ ወይም አዳራሽ፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን። ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያለው ርቀት ሕፃን በእግሩ ወይም በፈረስ የሚሄደው ያህል ነው። አጎቴ መጀመሪያ ላይ አስቁመውኝ አስነበቡኝ፤ ከሦስተኛዋ በኋላ ግን ዝም ብለው በእጃቸው ብቻ ያመለክቱኝ ጀመር።

ማታ ኒል ገባን።

አራተኛው ቀን

ኒል በሜልበርንና በአደሌድ መካከል፣ ከሁለቱም ሊመሳሰል በቀረበ ርቀት ላይ ያለች፣ ሁለት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ዋናው ጎዳና መሐል ሰፊ መናፈሻ አለ፤ በመናፈሻው ውስጥ በ1968 የቆመ የነሐስ ፈረስ አለ። የጦር ፈረስ አይደለም፤ ማረሻ የጎተተ፣ ስንዴ የጫነ የእርሻ ፈረስ ነው። አጎቴ በዙሪያው ሁለት ጊዜ ዞሩ። «ለበሬ ሐውልት የሠራ አገር አላየሁም፤ ይኼ ግን ቀርቦታል» አሉ። እኔም ለጄኔራል ሳይሆን ለሠራተኛ እንስሳ ሐውልት ያቆመች ከተማ ወደድኳት። ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ከ1919 ጀምሮ የቆመው የኖስኬ ወንድማማቾች የዱቄት ፋብሪካ ክብ የሲሚንቶ ጎተራ አለ፤ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ10,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች የሠለጠኑበት የአውሮፕላን ማረፊያ አለ።

ኒልን የመረጥኳት ግን ለዚህ ብቻ አይደለም። እንደሌሎቹ የዊመራ ከተሞች እርሷም ወጣቶቿ ወደ ሜልበርን እየሄዱባት ሱቆቿ መዘጋት ጀምረው ነበር። የሚያስገርመው በዚያው ጊዜ የሠራተኛ እጥረት መኖሩ ነው፤ በከተማዋ ያለው የዳክዬ ሥጋ ማዘጋጃ ድርጅት የሚቀጥረው ሰው አጣ። በ2010 ገደማ ድርጅቱ ከሜልበርን የስደተኞች አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ፣ ከማያንማር ጦርነት ሸሽተው በታይላንድ ድንበር ካምፖች ለዓመታት የኖሩ፣ ካረን ከሚባለው ብሔረሰብ የሆኑ ቤተሰቦችን አመጣ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት መቶ ያህል፣ ማለትም ከከተማዋ ነዋሪ አሥር በመቶ የሚጠጋ ሆኑ። በ2015 የወጣ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ ለአካባቢው ኢኮኖሚ 41.5 ሚሊዮን ዶላር ጨምረዋል፣ ከ70 በላይ የሙሉ ጊዜ የሥራ ቦታዎችም ተገኝተዋል ብሎ አስልቷል።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ እኔን ይበልጥ የነካኝ አደራረጉ ነው። የድርጅቱ ኃላፊዎች ሰዎቹን ከማምጣታቸው በፊት ከነዋሪው ጋር ተወያዩ፤ ቤት ፈለጉ፤ ጡረታ የወጡ ሰዎች መኪና መንዳት፣ ቋንቋ፣ የሐኪም ቀጠሮ መያዝ አስተማሩ። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ አንድ ወረቀት የሚያነብልኝ ሰው ፍለጋ ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ከቢሮ ቢሮ የተንከራተትኩበትን ጊዜ አልረሳውም። እስከ 1973 ድረስ ነጭ ያልሆነን ሰው ለማራቅ የተቀረጸ የፍልሰት መመሪያ የነበረው አገር፣ ያውም ወግ አጥባቂ በሚባለው ገጠሩ ውስጥ፣ እንዲህ ማድረጉ በቀላሉ ሊታይ አይገባውም።

በከተማዋ ጠርዝ ካለ አንድ የጓሮ አትክልት ቦታ የካረን እናት አገኘን። አጥሩ ላይ ቆመን ስናይ አጎቴን በእጃቸው ጠሯቸው። ሚጥሚጣ የሚያህል ደቃቅ ቃሪያ፣ ዱባና የማላውቀው ቅጠላ ቅጠል ተክለዋል። አጎቴ አንድ ቃሪያ ቀጥፈው ቀመሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሴትየዋ ሳቁ፣ እርሳቸውም ሳቁ። አጎቴ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሴትየዋም ጥቂት ነው የሚያውቁት። ሆኖም አጎቴ የዱባውን ሐረግ ጫፍ እንዴት ቢቀጠፍ ፍሬው እንደሚከብድ በእጃቸው አሳዩ፤ ሴትየዋም ለዚያ ደረቅ ነፋስ በሸንበቆና በአሮጌ መጋረጃ የሠሩትን መከለያ አሳዩን። ስንለያይ አንድ እፍኝ ቃሪያ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ተለቅቆ ነበር፤ የገበሬው ልጅና የካረኑ ልጅ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ኮፍያ አድርገው በብስክሌት አጠገባችን አለፉ። አጎቴ ዞር ብለው እስኪርቁ ድረስ አዩአቸው።

ከሰዓት በኋላ ጉዞ ወደ ቤት ሆነ። በዲምቡላ በኩል ስንመለስ ባለፈው ቀን ካለፍናቸው ሰሌዳዎች በአንዷ ዘንድ አጎቴ «አቁም እስቲ» አሉኝ። ትምህርት ቤቱ የለም፤ የመሠረቱ ድንጋይ እንኳ አይታይም። የቀረው የግቢው ጥላ የነበረ አንድ ያረጀ ዛፍ ብቻ ነው፤ ቅርንጫፉ እስከ መሬት የወረደ፣ ቀይ ፍሬው የተንዠረገገ። አጎቴ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው አሸተቱና ወደ እኔ ዘረጉት፤ ቁንዶ በርበሬ ነው። የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ የእኛ አገር ሰውም፣ እነዚህ ሰፋሪዎችም በየትምህርት ቤቱና በየቤቱ ደጅ ተክለውታል።

«ፊደል የቆጠርኩት ከዚህ ዛፍ ሥር ነው» አሉኝ። «የእኛው ግቢ ውስጥ ማለቴ ነው፤ ከዚህ ዘር ሥር።»

ከዚያ ከጥላው ገብተው ተቀመጡ። «በል፣ ሰሌዳዋን አንብብልኝ፤ መቼ ተከፍቶ መቼ ተዘጋ?» አሉኝ፤ እኔም ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።